ሦስት የተበሱ ፒስተኖች

ጥቅምት 8

ለወንድሜ ልጅ፣

ወረቀቱ ዘይት ቢነካውም ሰላምታው ንጹሕ ነውና ተቀበለኝ። ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? እኔ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ። እህትህ ፌንጣም ደኅና ናት፤ እንደ ስሟ አንድ ቦታ አትቀመጥም። አባታችሁ ይህን ሳያይ ሄደ እንጂ፣ ዳገት ስትወጣ ቢያያት አፉን ይዞ ይቀር ነበር። ፈጣሪ ሁለታችሁንም ይጠብቅልኝ።

በስልክ እንነጋገር ያልከውን ተወው። ስልክ ቃል ይውጣል። ግማሹን አንተ ትላለህ፣ ግማሹን እኔ እገምታለሁ። ወረቀት ቢያንስ ደግሜ አነበዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፌንጣን ሞተር ሳይክል ለሚያዝያው የዳገት ውድድር እያዘጋጀሁ ነው። ሲሊንደሩን አስፍቼዋለሁ፤ የላይኛውን ክዳን አስፍቄ ዝቅ አድርጌዋለሁ። አሁን አየሩን እንደ ጉድ ያምቀዋል። የቀረኝ እሳቱን ማስቀደም ነበር። ያስተማርኩህን መቼም አትረሳም፤ ፒስተኑ አናት ሳይደርስ ካንዴላው ቀድሞ ብልጭ ካላለ ጉልበት የለም፣ ከመጠን በላይ ከቀደመ ደግሞ እሳቱ ገና ሽቅብ የሚመጣውን ፒስተን አናቱን ይለዋል። ልኩን የሚያገኘው ጆሮ ነው። የእሳቱን ሰሌዳ አዙረህ አንድ ጭረት ታስቀድማለህ፣ ዳገቱን ታስወጣዋለህ፣ ታዳምጣለህ። አሁንም ታስቀድማለህ። ማንኳኳት ሲጀምር አንድ ጭረት ትመልሳለህ፤ አለቀ። ሠላሳ ዓመት የበላሁበት መንገድ ይኸው ነው።

እንደዚያው አደረግኩ። ከፌንጣ ኋላ ተቀምጬ ዳገቱን ስድስት ጊዜ ወጣሁ። አንድም አላንኳኳም። በሦስተኛው ቀን ቀጥ አለ። ስፈታው የፒስተኑ አናት ጣቴን የሚያስገባ ቀዳዳ አለው! ብረት ነው ወይስ ቅቤ?

ከመንገዱ ማዶ የከፈተውን ሰውዬ ታስታውሰዋለህ፤ ባለመብራቱ የምንለውን። እሳቱን የሚያስተካክለው በሚበራ መሣሪያ ነው፤ ሞተር አያዳምጥም፣ ያፈጥበታል እንጂ። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ያሸነፈው የእሱ ሞተር ነው። ደንበኞቼ ሰላም ይሉኝና ወደ እሱ ይሻገራሉ። ዘንድሮም ካሸነፈ በሬን ዘግቼ ሄጄ የእሱን ቡሎን ባጠብቅ ይሻለኛል። ስለዚህ ጥሩ ፒስተን ፈልገህ ላክልኝ። ሁለት ይሁን።

አክስትህ

---

ኅዳር 2

ለተከበሩ አክስቴ፣

በያሉበት ሰላምና ጤና ይክበብዎ። ወገብዎን ሳይሞቁ አያጎንብሱ። እኔ ደኅና ነኝ፤ የምሠራበት የሞተር መፈተሻ ክፍል ጫጫታው ያው ነው፣ ጧት ጆሮዬን ደፍኜ ገብቼ ማታ እወጣለሁ።

ሁለት ፒስተን ከነቀለበታቸው ልኬያለሁ። እዚህ ለውድድር የምንጠቀምባቸው ናቸው። እትዬ፣ እርስዎ አላንኳኳም ካሉ አላንኳኳም። ሦስት ቤት ርቆ የሚያልፍ ሞተር ቫልቩ መላላቱን ሰምተው ባለቤቱን ያስጠሩትን እኔ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ጥፋቱን ሌላ ቦታ እንፈልገው። ቤንዚኑን ከየት ነው የሚቀዱት? ውሃ የገባበት እንዳይሆን። ካርቡራተሩስ በቂ ነዳጅ ይሰጣል? ነዳጅ ያነሰው ሞተርም ፒስተን ይበሳል።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ዳገቱ ላይ ከሁለተኛው መታጠፊያ በላይ ገደል ነው። ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ቢይዝ የኋላ ጎማ ይቆለፋል። ላዩ ላይ ያለችው እህቴ ናት። ይህ ነገር እስኪለይ ፌንጣ በሙሉ ጋዝ አትውጣ።

ልጅዎ

---

ታኅሣሥ 14

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይቅደም፤ ቁጣዬ ይከተል። የዘገየሁት የምጽፈው ስለጠፋኝ ሳይሆን፣ ስድብ ስድቡ ብቻ እየመጣብኝ ነው።

የውድድር ነው ያልከው ፒስተንህ አስራ አንድ ቀን ኖረ። ነፍሱን ይማር! ያውልህ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ከወንድሙ ጎን ተቀምጦ በቀዳዳው ያየኛል። ቤንዚኑን ቀየርኩ። ካርቡራተሩን ሁለት ጊዜ ፈትቼ አጠብኩ፣ ነዳጁን ጨመርኩለት። ባለመብራቱ በር ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ዛሬም ልብ ቀዶ ጥገና ነው?» አለኝ። መፍቻ ልወረውርበት ብዬ ደንበኛ ስለነበረ ተውኩት።

አንተ እዚያ ንጹሕ ክፍል ውስጥ ሆነህ ውሃ የገባበት ቤንዚን ትለኛለህ። እኔ ውሃና ቤንዚን የማልለይ መሰለህ? የላክኸው ብረት ነው የለሰለሰው። አሁን የቀረችኝን አንዷን ፒስተን ነው የምገጥመው። ቶሎ የማይግል ካንዴላ ላክልኝ፤ ምናልባት አናቱ እየጋለ ቀድሞ የሚያቀጣጥለው እሱ ይሆናል። የክዳኑን ጋስኬትም ጨምርበት።

ፌንጣ በሙሉ ጋዝ አትውጣ ላልከው፣ ለእሷ ንገራት። እኔን መስማት ከተወች ቆይታለች።

አክስትህ

---

ጥር 6

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ካንዴላ አራት፣ ጋስኬት ሁለት በዚህ ጥቅል ውስጥ አሉ።

ብረቱ አልለሰለሰም። ከዚያው ሳጥን የወጣ ፒስተን እዚህ ክፍላችን ውስጥ ከእርስዎ ሞተር የባሰ እያመቀ ሲሽከረከር ይውላል፣ ምንም አልሆነም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚሉት ነው የእኛ ነገር፤ አንዴ ቤንዚኑን፣ አንዴ ካንዴላውን እንደበድባለን። እኔም ሰልችቶኛል። ሥራ ስጨርስ ቁጭ ብዬ የእርስዎን ሞተር በወረቀት ላይ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ፤ አለቃዬ «ዘመድህ ገና አልዳነም?» ይለኛል።

በስሌት እሳቱ ከሃያ ስድስት ዲግሪ በላይ መቅደም የለበትም። እርስዎ በጭረት ነው የሚሠሩት፤ አንዱን ጭረት ሁለት ዲግሪ እንበለው፤ የፋብሪካው ምልክት ሃያ ሁለት ላይ ነው። ከፋብሪካው ምልክት ስንት ጭረት አስቀደሙ? ሁለቱም ደብዳቤዎ ስለ ባለመብራቱ ይነግረኛል እንጂ ይህን አይነግረኝም። እባክዎ ቁጥሩን ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ

---

የካቲት 1

ለወንድሜ ልጅ፣

ፈጣሪ ጤናህን ይስጥህ፣ ትዕግሥት ግን ለእኔ ይስጠኝ። ሦስተኛውም ተበሳ።

ቁጥር ካልክ አምስት ጭረት ነው። አንተ ዲግሪ ዲግሪ ስትል እኔ ጥቁር ካባ ለብሰው ፎቶ የሚነሱት ናቸው የሚታዩኝ። አምስት የሆነው ስላላንኳኳ ነው። ሳያንኳኳ ምን ብዬ ልመልሰው? ማንኳኳት የጀመረበትን ቦታ ሳላገኝ አንድ ጭረት መልስ ብትለኝ ከየት ነው የምመልሰው?

የባሰብኝ ግን ሌላ ነው። እህትህ አፍ አወጣች። ባለፈው ዳገቱን ስንወጣ መሃል ላይ ጋዙን ለቀቀችና «እትዬ፣ ይንሿሿል እኮ! ጠርሙስ ውስጥ ጠጠር እንዳለ» አለችኝ። ወርጄ፣ አጎንብሼ፣ ጆሮዬን ለሲሊንደሩ ሰጥቼ ጋዝ ስጪው አልኳት። ምንም የለም። «አሁን እኮ ቆሟል፣ ዳገት ሲይዘው ነው» አለች። እንደገና ከኋላዋ ተቀምጬ ወጣን። «ያውና! ያውና!» ትላለች። እኔ የምሰማው ደህና፣ ወፍራም የሞተር ድምፅ ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አልኳትና ዝም አሰኘኋት። አኮረፈች። አራት ቀን ሆናት ከአፏ ቃል ካወጣች።

እሷን እንኳን ተዋት። አንተ ግን ሦስት ወር ሙሉ ይህን ሁሉ መሣሪያ ይዘህ አንድ ነገር እንዴት አትነግረኝም? ሌላ ፒስተን ላክ። ሚያዝያ እየመጣ ነው።

አክስትህ

---

የካቲት 22
(ይህ ደብዳቤ አልተላከም።)

እትዬ፣

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ቆሜ አነበብኩና መቀመጫ ፈለግሁ። ጠርሙስ ውስጥ ያለ ጠጠር። እትዬ፣ ማንኳኳት ማለት እሱ ነው። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ በዚሁ ቃል ባይሆንም።

ትናንት ለፌንጣ ደወልኩ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰሚው አልኳት። «ከመጀመሪያው ፒስተን» አለችኝ። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ «አንተስ ታምነኝ ነበር? የእሷን ጆሮ ትተህ የእኔን?» አለች። አላምናትም ነበር። ከዚያ ሌላም ነገረችኝ። ውሃ ሲፈላ የማንቆርቆሪያውን ፉጨት አይሰሙም አለችኝ። ከኋላ ሲጠሩዎት አይዞሩም። በስልክ ቃል ይዋጣል የሚሉትም ስልኩ አይደለም። «አንተ ንገራት» አለችኝ። «ከእኔ ስትሰማ ንቀት ይመስላታል።»

እትዬ፣ ቀጭኑ ድምፅ ከጆሮዎ ሄዷል። ወፍራሙ ቀርቷል። ሠላሳ ዓመት ከጭስ ማውጫ ጎን ተቀምጦ ጆሮው የሚተርፍለት የለም። እኔ ጆሮዬን ደፍኜ ነው የምሠራው፤ ለእርስዎ ግን መድፈን ማለት ዓይን ጨፍኖ መንዳት ነበር። እስኪያንኳኳ አስቀድም የሚለው መንገድዎ፣ ማንኳኳቱ ካልተሰማ ማቆሚያ የለውም። ለዚህ ነው አምስት ጭረት የደረሰው። ፒስተን የሚበሳው ለዚህ ነው።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስምዎን የሚያውቀው በዚህ ጆሮ ነው። እኔ ማን ነኝና

---

የካቲት 24

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ ቸር ይግጠምዎ። በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

የላክሁልዎ ፒስተኖች ብረታቸው የተለየ ነው፤ መጀመሪያ የተበሳብዎም ከዚሁ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ይህ አዲሱ ብረት ሲመታ ድምፅ አያሰማም። ስለዚህ በጆሮ ማስተካከል አይቻልም፤ ማንም ሰው ቢሆን አይሰማውም። መጀመሪያውኑ መንገር ነበረብኝ፣ ረሳሁት። አሁን ሌላ አንድ ልኬያለሁ። ከፋብሪካው ምልክት ሁለት ጭረት ብቻ አስቀድመው ቡሎኑን ያጥብቁና ከዚያ በኋላ እንዳይነኩት። ጆሮዎን ለሌላ ሥራ ያሳርፉት።

ፌንጣን አይቆጧት። ልጅ ናት፣ የራሷን ልብ ምት ሰምታ ይሆናል።

ልጅዎ

---

መጋቢት 20

ለወንድሜ ልጅ፣

ደስታዬን ወረቀቱ ከቻለው ይሸከምልኝ! ሁለት ጭረት አልክ፣ ሁለት ጭረት አደረግኩ። አስር ቀን ሞላው፤ ዳገቱን አርባ ጊዜ ወጥቷል። ስፈታው ፒስተኑ እንደ ገባ ነው። ጉልበቱም መጥፎ አይደለም።

አንተ ግን ሰው ነህ? ድምፅ የማያሰማ ብረት ልከህልኝ ረሳሁት ትላለህ? ጥቅምት የጀመርኩት ሥራ መጋቢት ደረሰ እኮ! ማታ ማታ ጣሪያውን እያየሁ «እውነት አረጀሁ እንዴ?» እል ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንተ ነው የምናገረው። እጄ ዛለ፣ ወገቤ ሄደ፣ ምን ቀረኝ ብዬ አስቤ ነበር። የአንተ ደብዳቤ ሲመጣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከንዴት ነው ብዬ ለፌንጣ ነገርኳት።

አየሃት አይደል? ብረቱ ድምፅ የለውም፣ እሷ ጠጠር ትሰማለች! አሳፈርኳት። ደብዳቤህን አነበብኩላት። ወረቀቱን ተቀብላ ራሷ ደግማ አነበበችውና አጥፋ መለሰችልኝ።

አክስትህ

---

ሚያዝያ 27

ለወንድሜ ልጅ፣

ለመጨረሻው ደብዳቤዬ መልስ አልጻፍክም፤ ሥራ በዝቶብህ ነው ብዬ ሰላም እልሃለሁ። ውድድሩ እሁድ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። ዜናውን በእጄ ልንገርህ ብዬ ነው።

ባለመብራቱ ትናንት ሙከራ አድርጎ ነበር፤ ከእኛ በአራት ሰከንድ ፈጠነ። ሌሊቱን አሰብኩበት። ሁለት ጭረት ላይ ብዙ ጉልበት ቀርቷል፣ በእጄ ይታወቀኛል። ነገር ግን ድዳ ብረት ይዤ እንዴት ልፈልገው? ስለዚህ ያንተን ፒስተን አወጣሁት። ሳጥኔ ውስጥ የድሮ፣ የጥንቱ ብረት ፒስተን ነበረኝ፤ እሱ ሲመታ ይናገራል። ገጠምኩትና እንደ ድሮዬ በጆሮዬ ሄድኩበት። ሦስት ጭረት፣ ምንም የለም። አራት፣ ምንም የለም። አምስት ላይም ቢሆን ጸጥ ብሏል። ለጥንቃቄ አንድ መለስኩና አራት ላይ ዘጋሁት። አየህ፣ ልኬን አውቃለሁ።

ፌንጣ ትንሽ አጉረመረመች። «ወንድምሽ ራሱ የጻፈውን አንብበሻል፣ አሁን ደግሞ የሚናገረው ብረት ነው የገባው፣ እኔም እያዳመጥኩት ነው» አልኳት። ቁልፉን ተቀብላኝ ሄደች። ዘንድሮ ዋንጫው መደርደሪያዬ ላይ ነው። በጸሎትህ አስበን።

አክስትህ

---

ግንቦት 12

እትዬ፣

ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ። ፌንጣ ከሆስፒታል የደወለችልኝ በውድድሩ ማግስት፣ ሰኞ ነበር። ይህ የሐሙስ ደብዳቤዎ ግን የደረሰኝ ዛሬ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቁጭ ብዬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጭረት እያልኩ አነበብኩት፤ እያንዳንዷን ጭረት እኔ ነኝ ያስቀደምኳት።

ድምፅ የማያሰማ ብረት የሚባል ነገር የለም። ዋሽቼዎታለሁ። ሁሉም ብረት ሲመታ ይንሿሿል። ፌንጣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትሰማው ነበር፤ እርስዎ አይሰሙትም። ቀጭን ድምፅ ከጆሮዎ ከሄደ ዓመታት ሆኖታል። ይህን የካቲት ላይ አውቄያለሁ፤ ጽፌውም ነበር። ወረቀቱ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ አብሬ ልኬዋለሁ። ያልላክሁት ልብዎ እንዳይሰበር ብዬ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ፍርሃት ነው፤ እርስዎ የማይሰሙ ከሆነ፣ ከእርስዎ የተማርኩት እኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም።

ሁለት ጭረት ላይ ሲቀመጥ ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ ነበር እርስዎ፤ ቅጠሉ እጄ ላይ ነበር።

ይርገሙኝ። ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ

---

ሐምሌ 30

ለወንድሜ ልጅ፣

ሁለት ወር ተኩል ብዕር አልጨበጥኩም። የምጽፍልህ ስለለመንክ ሳይሆን፣ ፌንጣ በቃ ጻፊለት ብላኝ ነው።

የሆነውን ከእኔ ስማ። ሁለተኛውን መታጠፊያ ቀድማ ወጣች። ከባለመብራቱ ሞተር በሃያ ሜትር ትበልጥ ነበር፤ ሰው ይጮኻል፣ እኔም እጮኻለሁ። ከዚያ ጎማው ሲቆለፍ አየሁ። ድምፁን አልሰማሁም፣ አየሁ እንጂ። ወደ ገደሉ ሳይሆን በሌላው ጎን ወዳለው ግንብ ወደቀች፤ ፈጣሪ ይመስገን። ጉልበቷን ሁለት ጊዜ ከፍተውታል። ሐኪሙ ከእንግዲህ እስከ ግማሽ ብቻ ይታጠፋል ብሏል። ሞተር ላይ ለመቀመጥ ግማሽ አይበቃም።

ራሴም ተመረመርኩ። ጆሮዬ ላይ አንድ ነገር ደፍተው ድምፅ ስትሰሚ እጅሽን አንሺ አሉኝ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስጠብቅ፣ ሴትዮዋ «ጨርሰናል» አለችኝ። እኔ ገና ሊጀምሩ መስሎኝ ነበር።

እህትህ አሁን ጋራዡ በር ላይ ወንበር አውጥታ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። ቤት መዋል ሰልችቷት ነው። ሞተር ሲመጣ እኔ ሰሌዳውን አዞራለሁ፣ ሲንሿሿ እሷ እጇን ታነሳለች፣ እኔ እመልሳለሁ። አንዳንድ ደንበኛ ይስቃል። ይሳቅ። ከዚያ ወዲህ ፒስተን አልተበሳም። እሷ ግን ዳገቱን ቀና ብላ አታየውም፤ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የምታስቀምጠው።

እረግምህ ዘንድ ለምነሃል። አልረግምህም፣ ይቅርም አላልኩህ። ያልላክኸውን ደብዳቤ ግን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ደብዳቤ ነው። እውነት ነው፣ ያማል፣ አክብሮት አለው። ቢደርሰኝ አንድ ሳምንት እሳደብ ነበር፣ አንድ ሳምንት አለቅስ ነበር፣ ከዚያ እሰማው ነበር። በዚያ ፈንታ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት፤ ያላረጀሁ አስመሰልከኝና አምኜህ ልጅቷን አራት ጭረት ላይ አስቀመጥኳት።

እኔ አልሰማሁም። እሷ ሰምታ ነገረችኝ፤ ዝም አሰኘኋት፣ ያንን ዕድሜ ልኬን እሸከመዋለሁ። አንተን ግን ማን ዝም አሰኘህ?

አክስትህ